ቦሎውና ቁልቁለቱ

በእንጅባራና በዳንግላ መናኸሪያዎች ተራ ከሚጠብቁት ሚኒባሶች በርካቶቹ በሌላ አገር ለዓመታት አገልግለው የገቡ፣ እዚህም ከአንድ ባለንብረት ወደ ሌላው እየተሸጡ የቆዩ ቶዮታ ሃይኤሶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ለሽያጭ ሲቀርብ ሻጩም ደላላውም አስቀድመው የሚያነሡት ማስረጃ በፊት መስተዋቱ ላይ የተለጠፈው ቦሎ ነው፤ ይኸውም ተሽከርካሪው የዓመቱን የቴክኒክ ምርመራ አልፎ በመንገድ ላይ እንዲንቀሳቀስ የተፈቀደለት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ገዢው ግን ምልክቱን ከሚናገረው በላይ አድርጎ ያነበዋል፤ «ቦሎ አለው» የሚለው ቃል «ደኅና መኪና ነው» ወደሚል ፍርድ ሳይታወቅ ይሻገራል። ምርመራው የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀን ሲሆን አስተማማኝነት ግን ስለ ዓመታት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ እንደ አዊ ዞን ባለ ዝናባማ ደጋ፣ መንገዱም ከደጋው ጫፍ ወደ ቆላ በሚወርድበት አካባቢ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በጣም ይሰፋል።

የምርመራው ሕጋዊ መሠረት ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ሲሆን፣ ተሽከርካሪ በየዓመቱ ቀርቦ ብቃቱ እንዲረጋገጥ ያዝዛል። ከዚህ ጎን የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ሕይወት፣ አካል ወይም ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚሰጠው ዋስትና፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ ቦሎ ሲታደስ የመኪናውም ይዞታ፣ የወረቀቱም መሟላት አብሮ ይጠየቃል፤ ብዙ ባለንብረት ቦሎን ከግብርና ከመድን ጋር በአንድ ረድፍ ቆጥሮ እንደ ዓመታዊ ክፍያ ብቻ የሚያየውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

ምርመራው ራሱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በዓይንና በእጅ የሚደረገው ነው፤ መርማሪው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያያል፣ መብራትና ፍሬቻ ያስበራል፣ ጎማው የላሸ መሆን አለመሆኑን ያያል፣ መኪናው ከጉድጓዱ በላይ ሲቆምም ከሥር ገብቶ ቴስቲኒውን፣ ማለትም የመሪውን ዘንግ ከፊት ጎማ ጋር የሚያያይዘውን መገጣጠሚያ፣ እያንቀሳቀሰ ልቅነቱን ይፈትሻል። ሁለተኛው በመሣሪያ የሚለካው ሲሆን የፍሬን ኃይል፣ የፊት ጎማዎች አቅጣጫ፣ የመብራት ጨረር ከፍታና የጭስ መጠን የሚታወቁት በዚህ ነው። መሣሪያው በሌለበት ወይም በተበላሸበት ቦታ ሁለተኛው ክፍል በመጀመሪያው ይተካና ፍሬኑ በአጭር ርቀት ነድቶ በማቆም፣ ጭሱም በዓይን በማየት ይፈረዳል። ያን ጊዜ ውጤቱ የሚቆመው በመርማሪው ልምድና ሕሊና ላይ ብቻ ነው።

መሣሪያው ሲኖርም ቢሆን የሚለካውንና የማይለካውን ለይቶ ማወቅ ይገባል። የፍሬን መለኪያው በወለሉ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀበሩ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩ ሲሊንደሮች አሉት፤ የፊቶቹ ወይም የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች በላያቸው ያርፋሉ፣ ፍሬኑ ቀስ እያለ ይረገጣል፣ እያንዳንዱ ጎማ ሲሊንደሩን ለማቆም የሚያወጣው ጉልበትም ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ይመዘገባል። ከዚህ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። አንደኛው የፍሬን ብቃት፣ ማለትም የጎማዎቹ ሁሉ የፍሬን ኃይል ድምር ለመኪናው ክብደት ተካፍሎ የሚወጣው መቶኛ ነው፤ ሁለተኛው በአንድ መስመር ባሉት በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ ከ2012 እ.ኤ.አ. በፊት የተመዘገበ ሚኒባስ ቢያንስ 50 በመቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ደግሞ 16 በመቶ እንዲያስመዘግብ፣ የግራና የቀኙ ልዩነትም ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ልዩነቱ ከብቃቱ ያላነሰ አሳሳቢ የሚሆነው በዝናብ መንገድ ላይ ነው፤ አንዱ ጎን ጠንክሮ ሲይዝ መኪናው ወደዚያው ይሳባል፣ አስፋልቱ ረጥቦ ከሆነም ይዞራል።

ይህ ልኬት በብዙው የሚወሰደው መኪናው ባዶ፣ ፍሬኑ ቀዝቃዛ፣ ወለሉ ደልዳላ ሆኖ ሲሆን የሚፈጀውም ጥቂት ሴኮንድ ነው። እንጅባራ በ2,560 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ የሚወርድባት ቻግኒ ግን ከ1,600 ሜትር ጥቂት ዝቅ ትላለች። ተሳፋሪና ጓዝ ይዞ 2.8 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ይህን 980 ሜትር ያህል ሲወርድ መበተን ያለበት ኃይል ወደ 27 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል፤ ይህም 80 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ከፊሉን የሞተሩ ተቃውሞና ነፋሱ የሚወስዱት ሲሆን፣ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ የሞተሩ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ባዶ አድርጎ ከለቀቀው ግን ጠቅላላው ሸክም ማለት ይቻላል በፊት ዲስኮችና በኋላ ታምቡሮች ላይ ይወድቃል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ደግሞ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ ይጋፈጣል፤ እርሱም ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድና እንደገና ያንኑ ያህል የሚወጣ መንገድ ነው።

በቁልቁለት ቀድሞ ሊከዳ የሚችለው የፍሬን ዘይቱ ነው። በተለምዶ የሚጨመረው ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዲሆን መስፈርቱ ይጠይቃል፤ ይህ ዘይት ግን ከአየሩ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው ውኃ በገባበት መጠን የመፍያው ነጥብ እየወረደ ይሄዳል፣ መስፈርቱ ራሱም ለረጠበ ዘይት የሚጠብቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ክረምቱ ረጅምና እርጥብ በሆነበት አገር ለዓመታት ሳይቀየር «ሲጎድል ብቻ» እየተጨመረበት የቆየ ዘይት፣ ሸራውና ዲስኩ በጋሉ ጊዜ በቱቦው ውስጥ ይፈላል፤ የተፈጠረው እንፋሎት ሲረገጥ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ፍሬንም አይኖርም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከአደጋው በኋላ ያለው ነው። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፔዳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መኪናውን የሚያየው ባለሙያም የሚሠራ ፍሬን ያገኛል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው የሾፌሩ ቃል ያለማስረጃ ይቀርና ጥፋቱ የአሽከርካሪ ስሕተት ተብሎ ይጻፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰዎች 26.7 የሚሆኑት በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ስንቱ የሾፌር፣ ስንቱ የመኪና ጥፋት ነው የሚለው ክፍፍል በዚህ ምክንያት በጥርጣሬ ሊነበብ ይገባዋል።

ሌላው፣ ከምርመራው ዓይን ይበልጥ የተሰወረው ጉዳይ የኋላው ባሌስትራ ነው። ሃይኤስ ከኋላ በተደራረቡ ብረቶች ላይ የሚያርፍ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ በአካሉና በኋላው ድልድይ መካከል በዘንግ የተያያዘች አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ሥራዋም ጭነቱ ሲከብድና አካሉ ዝቅ ሲል ወደ ኋላ ፍሬኖች የሚሄደውን ግፊት መጨመር፣ መኪናው ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ደግሞ የኋላ ጎማዎች ታስረው እንዳይንሸራተቱ ግፊቱን መቀነስ ነው። ትርፍ ሰውና በፖርቶ መጋላ የድንች ጆንያ ለመጫን የፈለገ ባለንብረት ጋራዥ ሄዶ ባሌስትራ ሲያስጨምር አካሉ በጭነትም ጊዜ ከፍ ብሎ ይቀራል። ቫልቯ የምታውቀው ከፍታን እንጂ ክብደትን ስላልሆነ መኪናው ባዶ ነው ብላ ትፈርዳለች፤ ስለዚህ ሙሉ ጭኖ በሚወርደው መኪና ላይ የኋላ ፍሬኖች የሚያገኙት ለባዶ መኪና የተመጠነ ግፊት ይሆናል፣ ሸክሙም ወደ ፊት ዲስኮች ይዞራል። በባዶው ምርመራ ላይ ግን ይህ ሁሉ ምንም ምልክት አያሳይም፤ እንዲያውም አዲስ ብረት የገባለት የኋላ ክፍል ቀና ብሎ ስለሚታይ መርማሪውም ገዢውም ሊወዱት ይችላሉ። የምርመራ ቅጹ አንድ መስመር ቢጨመርለት የዚህ ጽሑፍ ምርጫ የባሌስትራው ብረቶች ቁጥርና የዚያች ቫልቭ አቀማመጥ የሚሰፍርበት መስመር ነው።

ጭስ በተቃራኒው ምርመራው ከሚገባው በላይ የሚፈርድበት ነገር ሊሆን ይችላል። በእንጅባራ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 73 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቀድሞዎቹ ሃይኤሶች ቱርቦ፣ ማለትም አየርን አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌላቸው ሲሆኑ የናፍጣ ፓምፓቸውም በሜካኒካል ስልት የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ አየሩ በሩብ ሲቀንስ ፓምፑ በቆላ ለተመጠነው አየር የሚበቃውን ናፍጣ መላኩን ይቀጥላል፣ ያልተቃጠለው ትርፍም ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ ሲለካ የሚያልፍ መኪና እንጅባራ ላይ ሊወድቅ የሚችለው ምንም ሳይበላሽ ነው። የሠለጠነ የፓምፕ ባለሙያ ልኩን ለደጋ ማስተካከል ይችላል፤ አብዛኛው ሾፌር ግን ዳገት ላይ ጉልበት የሚቀንስበት ስለሚመስለው አይወደውም፣ ለምርመራ ቀን ያስቀንስና በማግሥቱ ያስመልሳል። ነጭ ወይም ሰማያዊ ጭስ ሌላ ነገር ነው፤ በተለይ ሰማያዊው ፋሻ፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች፣ አልቀው የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ስለሚያመለክት ገዢን ከጥቁሩ ይልቅ ሊያስፈራው የሚገባው እርሱ ነው።

ወደ አስተማማኝነት ስንመጣ፣ ሃይኤስ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ ያለ፣ በተለይ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛ ትውልዱና በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛ ትውልዱ በአፍሪካ መንገዶች ሁሉ የተዘሩ መኪና ነው። በአገራችን አባዱላ፣ ዶልፊን የሚሉ ቅጽል ስሞች የወጡለትም ከሕዝቡ ጋር በመላመዱ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ የሚገኙት 3ኤልና 5ኤል የተባሉት 2.8 እና 3.0 ሊትር ሞተሮች ጉልበታቸው አነስተኛ፣ ድምፃቸውም የሚረብሽ ቢሆንም፣ ኮምፒውተር የማይሹ፣ ናፍጣው ንጹሕ ባይሆንም የሚታገሡ፣ በማንኛውም ወረዳ ጋራዥ ወርደው የሚሠሩ ናቸው። በኋላ የመጣው 2.5 ሊትሩ 2ኬዲ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በኤሌክትሮኒክ ኖዝሎች የሚረጭ በመሆኑ ዳገት ይደፍራል፣ ነዳጅም ይቆጥባል፤ ውኃ የተቀላቀለበት ወይም በጀሪካን የተንገላታ ናፍጣ ሲገባበት ግን ኖዝሎቹ ይጎዳሉ፣ መጠገኛውም ዳንግላ ላይ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ አሮጌው ይሻላል የሚለው የሾፌሮች ብያኔ በአካባቢው ሁኔታ ሲመዘን ምክንያት አለው።

ብያኔው የሚሳሳተው አስተማማኝነትን ከደኅንነት ጋር አንድ ሲያደርግ ነው። ጠዋት በብርድ የማይነሣ መኪና ባለንብረቱን ስለሚያከስር ወዲያውኑ ይጠገናል፤ ሸራው ያለቀ ግን አሁንም የሚይዝ፣ ቴስቲኒው የላላ ግን አሁንም የሚታጠፍ መኪና ገቢ ማምጣቱን ስለማያቋርጥ ይቆያል። የሃይኤስ ሞተር ጽናት ራሱ እዚህ ላይ ጉዳት ያስከትላል፤ ሞተሩ ባይሞት ኖሮ ከዓመታት በፊት ከመንገድ ይወጣ የነበረ አካል፣ በዝገት የተበሳ ወለሉንና የሣሣ ሻንሲውን ይዞ ሌላ አሥር ዓመት ሰው ይጭናል። በተለይ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ ጨው ከሚረጭባቸው የአውሮፓ አገሮች የመጣ መኪና ከሆነ ዝገቱ አብሮት የገባ ነው፤ የአዊ ዝናብም ይቀጥልበታል፣ ከሥር የተቀባው ጥቁር ቀለምም አንዳንዴ የሚከላከለው ብረቱን ሳይሆን ዋጋውን ነው።

ከሚኒባሶቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ የዕቃ መኪና የነበሩ፣ እዚህ መስኮት ተቀድዶላቸው ወንበር የተገጠመላቸው ናቸው። በፋብሪካ የተሠራ የሰው ሚኒባስ ወንበር ወለሉ ላይ የሚያዝበት ቦታ በተጨማሪ ብረት የተጠናከረ ሲሆን፣ በየጋራዡ የሚገጠመው ግን ብዙውን ጊዜ በተራው ወለል ስስ ቆርቆሮ ላይ በቡሎን ወይም በብየዳ የተያዘ ነው። መርማሪው ወንበሩን በእጁ ነቅንቆ አለመነቃነቁን ያያል፤ መኪናው በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጋጭ ተሳፋሪዎቹን ይዞ ይቀር እንደሆነ ግን በመነቅነቅ የሚታወቅ አይደለም። ጎማም እንዲሁ ነው፤ ሃይኤስ የሚጠይቀው በጎኑ ላይ «ሲ» የሚል ምልክት ያለበትን የጭነት ዓይነት ጎማ ሆኖ ሳለ፣ ልኩ ስለገጠመ ብቻ የቤት መኪና ጎማ የተደረገለት ይገኛል። ለምርመራ ቀን ብቻ ከወዳጅ ተውሶ ደኅና ጎማና የእሳት ማጥፊያ መግጠምም ማንም የማያፍርበት ልማድ ሆኗል። ገንዘብ ከፍሎ ሳይቀርቡ ቦሎ ስለማውጣት የሚሰማው ቅሬታ የወንጀል ጉዳይ በመሆኑ እዚህ አይተነተንም፤ የዚህ ሐተታ ጥያቄ ምርመራው በሐቅ ሲደረግም እንኳ የሚናገረው ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሌሎች አገሮች የሰጡት መልስ የምርመራውን መሣሪያ ከማራቀቅ ይልቅ ውጤቱን ወደ ማስቀመጥ ያደላል። በብሪታንያ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ዛሬ እያንዳንዱ ውጤቱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ገዢው የሰሌዳ ቁጥሩን ብቻ በማስገባት መኪናው በየትኛው ዓመት እንደወደቀ፣ በምን ምክንያት እንደወደቀ፣ ያን ጊዜ ቆጣሪው ስንት ይል እንደነበር ያለክፍያ ያነባል። ቤልጅየም ደግሞ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሮጌ መኪና ሲሸጥ የተመዘገቡትን የቆጣሪ ንባቦች የሚያሳይ ሰነድ አብሮ እንዲሰጥ ስላስገደደች ቆጣሪ ወደ ኋላ ማዞር ትርፉ ቀንሷል። የዚህ ጥቅም ከአንድ ማለፍ ይልቅ የመውደቆች ቅደም ተከተል መነበቡ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ በኋላ ፍሬን የወደቀና በማግሥቱ ተሠርቶ ያለፈ ሚኒባስ የባለንብረቱንም የአጠቃቀሙንም ጠባይ ይናገራል፤ አንድ ጊዜ በፍሬቻ አምፖል የወደቀው ደግሞ ምንም አይናገርም። በእኛ ዘንድ ገዢው በእጁ የሚያገኘው ማለፉን ብቻ ነው፤ የወደቀበት ወረቀት፣ ከሁሉ የሚጠቅመው ሰነድ፣ ከሊብሬው ጋር አይተላለፍም። ይህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው አዲስ ማሽን አይደለም፤ የውድቀቱን ምክንያትና የቆጣሪውን ንባብ በተሽከርካሪው ፋይል ላይ መጻፍና ስመ ሀብቱ ሲዛወር ለገዢው ማሳየት ነው።

እስከዚያው ድረስ ምርመራውን በራሱ ማሟላት ያለበት ገዢው ነው። ብዙ ገዢ ሞተሩን ያስነሣል፣ በከተማው አስፋልት ወዲያና ወዲህ ይነዳል፣ ጓደኛው የሆነ መካኒክ በኮፈኑ በኩል ጆሮውን ጣል አድርጎ «ደኅና ነው» ሲለው ቀብድ ይከፍላል። ይልቁን መኪናውን ከሕጋዊ ልኩ ሳያሳልፉ ጭኖ ረጅም ቁልቁለት ማውረድ፣ ከታች ሲደርስ ሳይቆዩ እጅን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ሳይነኩ ማቅረብና ሙቀታቸውን ማነጻጸር ከብዙ ምክር ይበልጣል። ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ ከሆነ ፍሬኑ አይለቅም ወይም ኩሽኔታው አልቋል፤ የፊቶቹ ግለው የኋላዎቹ ከቀዘቀዙ ከላይ የተባለው ቫልቭና ባሌስትራ ይጠርጠሩ። በመልሱ ዳገት የሙቀት መለኪያውን መርፌ የሚከታተል ገዢም ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ከዚህ በፊት በሙቀት ተጎድቶ እንደነበር ብዙ ጊዜ ይደርስበታል። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ አለመፍቀዱ በራሱ የምርመራ ውጤት ነው።

የአሮጌ ሚኒባሶቹ ገበያ ቶሎ የሚጠፋ አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን በዕድሜያቸው መጠን የከበደ ታክስ ሲጥልባቸው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ፤ ሁለቱም አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ዋጋ ወደ ላይ፣ ዕድሜውንም ወደ ረጅም የሚገፉ ናቸው። በሌላ በኩል በቻይና የተሠሩ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶች መታየት ጀምረዋል፤ ለእነዚህ የጭስ መለኪያው ሥራ አይኖረውም፣ የአየሩ መሣሣትም ጉልበታቸውን አይነካም፣ በቁልቁለትም ሞተራቸው እየገታ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ባትሪው ሊቀበል የሚችለው ግን ባዶ ቦታ ካለው ብቻ ነው፤ ሌሊቱን እንጅባራ ላይ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ጠዋት ወደ ቻግኒ የሚወርድ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በአብዛኛው በሸራና በዲስክ ብቻ ስለሚይዝ፣ መርማሪው የፍሬን ዘይቱን ለመጠየቅ አሁንም ምክንያት ይኖረዋል።